ፋታ የለሽ የእንቁላል ልቀት

ማህሙድ ፈትሀላ የተባሉ ግብፃዊ የማህፀን ሐኪም በ1971 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ «ላንሴት» መጽሔት አንዲት አጭር ጽሑፍ አወጡ። ርዕሷ «ኢንሰሰንት ኦቩሌሽን» በሚል ሐረግ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) ካንሰር መንስኤ የሚከራከር ሁሉ ይህን ሐረግ ሳያነሳ አያልፍም። በአማርኛ «ፋታ የለሽ የእንቁላል ልቀት» ብንለው ሐሳቡን ይሸከማል። በወር አንድ ጊዜ የበሰለ እንቁላል የኦቫሪውን ገጽ ቀዶ ይወጣል፤ የተቀደደው ቦታ ይጠገናል፤ ለመጠገን ሴሎች ይባዛሉ፤ ሴል በተባዛ ቁጥር ደግሞ በዘረመሉ ላይ ስህተት የመፈጠር ዕድል ይኖራል። ይህ ለዓመታት ያለ ዕረፍት ሲደጋገም አደጋው እየተጠራቀመ ይሄዳል የሚል ነው ግምታቸው። የኔም ክርክር ከዚሁ ይነሳል፦ ሴትን ከዚህ ካንሰር በከፊል የሚጠብቃት ኦቫሪዋ ያገኘው ፋታ ነው፤ የልጆቿ ብዛት ከፋታው መንገዶች አንዱ ብቻ ነው።

ሒሳቡን በአርሲ ደጋ እንየው። በ14 ዓመቷ የወር አበባ ያየች፣ በ49 ዓመቷ ያቆመችና ያልወለደች ሴት ወደ 450 ጊዜ ያህል እንቁላል ትለቃለች። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በኦሮሚያ በአማካይ 5.4፣ በአገሪቱ ከተሞች 2.3፣ በአዲስ አበባ 1.8 ልጆች ትወልድ ነበር። የዲገሉ ወይም የሙኔሳ ገበሬ ሚስት አምስት ወለደች እንበል፤ በእያንዳንዱ ልጅ ዘጠኝ ወር እርግዝና፣ ከዚያም ጡት በማጥባት ቢያንስ ሌላ ዘጠኝ ወር ልቀቱ ቢቆምላት ሰባት ዓመት ተኩል ፋታ አገኘች ማለት ነው። (የአርሲ ኦሮሞ ባህል አራስዋን ግንባሯ ላይ ቀነፋ የተባለ የወላድ ምልክት አስሮ ያስከብራታል፤ ኦቫሪዋን የሚያሳርፍላት ግን ልጁ የሚጠባው ጡት ነው።) የአሰላ ልጅ ትምህርቷን ቀጥላ፣ ዘግይታ አግብታ፣ ሁለት ወልዳ ስታበቃ ይህ ፋታ በግማሽና ከዚያም በላይ ያጥራል። ስለዚህ የወሊድ ቁጥር እየቀነሰ፣ ዕድሜም እየረዘመ ሲሄድ በሽታው በከተሞቻችን ይበልጥ ቢታይ ሊያስገርመን አይገባም።

ማስረጃው ከግምት የዘለለ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ከ21 አገሮች የተሰበሰቡ 45 ጥናቶች፣ ከ23 ሺህ በላይ ታማሚዎችን ይዘው፣ በአንድነት ተተነተኑ። የወሊድ መከላከያ እንክብል በወሰዱ ሴቶች አደጋው በየአምስት ዓመቱ አጠቃቀም በ20 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ 15 ዓመት በወሰዱት ዘንድ በግማሽ ወርዶ ተገኘ፤ ጥበቃው እንክብሉ ከቆመ ከ30 ዓመት በኋላም ጨርሶ አልጠፋም። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ትንተና ጡት ያጠቡ ሴቶች አደጋ በሩብ ያህል ያነሰ መሆኑን አሳየ። ከእንስሳት ወገን ደግሞ ይህ ካንሰር ማንም ሳያስይዛት በራሷ በብዛት የሚይዛት በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የምትጥለው የእንቁላል ዶሮ ናት፤ ተመራማሪዎችም የሚያጠኑት በእሷ ላይ ነው።

ነገር ግን ሒሳቡ እንከን አለው፤ መሸፈንም የለበትም። አንድ እርግዝና የሚያስቀረው ከዐሥር የማይበልጥ ልቀት ነው፤ የመጀመሪያው ወሊድ የሚያመጣው ቅናሽ ግን ከዚህ ድርሻ እጅግ ይበልጣል። የማህፀን ቱቦን ማስቋጠር ልቀቱን ሳያቆም አደጋውን ይቀንሳል። እንዲያውም ከሁሉ የከፋው የበሽታው ዓይነት በአብዛኛው የሚነሳው ከቱቦው ጫፍ እንደሆነ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ እየተገለጠ መጥቷል። ይህ የፈትሀላን ሐሳብ አያፈርሰውም፤ ያርመዋል። እንቁላሉ ሲወጣ አብሮት የሚፈሰው ፈሳሽ የሚያጥበው ያንኑ የቱቦ ጫፍ ነውና ቁስሉ የሚፈጠረው እዚያ ሊሆን ይችላል። በእርግዝና ጊዜ የሚጨምረው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞንም የተጎዱ ሴሎችን ሳያስወግድ አይቀርም የሚሉ አሉ።

«እንግዲያው ብዙ መውለድ ይሻላል» የሚል ሰው ይኖራል። አይሻልም። በዚያው በ2016ቱ ጥናት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሞተዋል፤ ወሊድ በተደጋገመ ቁጥር ደም የመፍሰስ አደጋው ይከተላል። ያንኑ ፋታ ያለ ምጥ የሚሰጥ የወሊድ መከላከያ ደግሞ በየጤና ኬላው አለ። ስለ መከላከያ መርፌ የሚነገረው «መርፌው ካንሰር ያመጣል» የሚለው ወሬ ቢያንስ ኦቫሪን በተመለከተ ነገሩን ገልብጦታል። በአገራችን ብዙ ተጠቃሚ ያለው ዴፖ የተባለው መርፌ ልቀቱን ያቆማል፤ በእሱ ላይ የተደረጉት ጥናቶች ከእንክብሉ ያነሱ ቢሆኑም የሚጠቁሙት ወደ ቅናሽ ነው። መዳብ ያለበት ሎፕ ግን ልቀቱን አያስቆምም። በመከላከያዎች ላይ የሚነሳው የካንሰር ስጋት ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለትም አይቻልም፦ እንክብሉ በሚወሰድበት ጊዜ የጡት ካንሰር አደጋ በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ ካቆሙ በኋላ ግን እየቀነሰ ይጠፋል።

«ፋታ የለሽ የእንቁላል ልቀት» የሚለው ሐረግ ያልወለደችን ሴት መውቀሻ ቢሆን ደግሞ ከሁሉ የከፋ ይሆናል። በሀብታም አገሮች እንኳ በዕድሜ ዘመኗ ይህ በሽታ የሚይዛት ከ80 ሴቶች አንዷ ገደማ ናት፤ ካልወለዱትም አብዛኞቹ አይታመሙም። እናቷ ወይም እህቷ በጡት ወይም በኦቫሪ ካንሰር የታመመችባት ሴት ከወሊድ ታሪኳ ይልቅ ይህን ለሐኪም ብትነግር የበለጠ ይጠቅማታል። ሰባት የወለደችም ከስጋቱ ነፃ አይደለችም። ሆዷ ለሳምንታት ሲነፋ፣ ጥቂት በልታ ስትጠግብ፣ ሽንቷ ሲመላለስባት «ጨጓራ ነው» ተብላ ልትመለስ ትችላለች፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልጋት የማህፀን ምርመራና አልትራሳውንድ ነው።