ጂፕሲ፦ የሕዝብ ስም ወይስ የኑሮ ዘይቤ?

«ጂፕሲ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከስህተት የተወለደ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች አገራቸው የገቡትን ሮማ የተባሉ ሕዝቦች ከግብፅ የመጡ መሰሏቸው፤ የሄንሪ 8ኛ የ1530 ሕግም «ግብፃውያን» ብሎ ከአገር እንዲወጡ አዘዘ። ቋንቋቸው ግን ምንጫቸው ሰሜን ሕንድ መሆኑን ይመሰክራል። ከዚህ የከፋው ጥፋት በኋላ መጣ፤ የሕዝቡ ስም የኑሮ ዘይቤ መጠሪያ ሆነ። በ1967 አንድ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ጂፕሲ ማለት ቋሚ ሥራና መኖሪያ የሌለው ተንከራታች ነው አለ፤ የ1968ቱ የካራቫን ማቆሚያዎች ሕግም ዘርና ትውልድ ከቁጥር አይገባም ሲል ደነገገ። እንግዲህ ቤት ሠርቶ የተቀመጠ ሮማ በሕግ ፊት ስሙን ሊያጣ ነው! ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጂፕሲዎች ከአድልዎ ሊጠበቁ የሚገባቸው ብሔረሰብ መሆናቸውን የተቀበለው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው።

ዛሬ ቃሉ በልብስ ፋሽንና በጉዞ ማስታወቂያ «ነፃ መንፈስ» ለማለት ያገለግላል። ይህ ሙገሳ ስለሆነ ምን ይጎዳል የሚሉ አሉ። ሙገሳው ግን ስደትን ምርጫ ያስመስለዋል፤ የ1554ቱ ሕግ እኮ ተንከራታች ኑሯቸውን ሳይተዉ በአገሪቱ የቆዩትን በሞት የሚያስቀጣ ነበር። ከቃሉ እንደወጣ የሚታመነው «ጂፕ» የተባለው የእንግሊዝኛ ግስም ማጭበርበር ማለት ነው። የበለጠ የሚከብደው ክርክር ሌላ ነው፤ ብዙ የእንግሊዝ ሮማዎች ራሳቸውን በኩራት ጂፕሲ ይላሉ። እውነት ነው፤ ስለዚህ ቃሉን በጅምላ መከልከል ሌላ ጉልበተኝነት ይሆናል። ስሙን መምረጥ ያለበት ሕዝቡ ራሱ ነው፤ በ1971 ለንደን አቅራቢያ የተሰበሰበው የመጀመሪያው የዓለም ሮማኒ ጉባኤ «ሮማ»ን መረጠ፤ የ2021 የእንግሊዝና ዌልስ ሕዝብ ቆጠራ ደግሞ ሁለቱንም ስሞች በየራሳቸው ሳጥን አስቀመጠ።