«ናሽናል» ወይስ «ፓናሶኒክ»? የድሮ ራዲዮን ከጀርባው ስለማንበብ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአያቱ ቤት የተገኘ ራዲዮ ፎቶ ልኮልኝ «ቲቸር፣ ይሄኛው ናሽናል ነው የሚለው፤ ጓደኛዬ ቤት ያለው ግን ቁርጥ እሱን መስሎ ፓናሶኒክ ይላል። የእኛው ፎርጅድ ይሆን እንዴ?» አለኝ። መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው። በዚሁ ጥርጣሬ ደህና ራዲዮ በአንድ ፕላስቲክ ባልዲ ለልዋጭ ሲሰጥ አይቻለሁና።

ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ጃፓናዊው ኮኖሱኬ ማትሱሺታ «ናሽናል» የሚለውን ስም በ1927 እ.ኤ.አ. ለብስክሌት መብራት አወጣው። ኩባንያው አሜሪካ ሊገባ ሲል ግን እዚያ ስሙን ቀድሞ የያዘ ሌላ ራዲዮ ሠሪ አለ። ስለዚህ ለአሜሪካ ገበያ «ፓናሶኒክ» ተባለ፤ ወደ እኛና ወደ ብዙው የአፍሪካና የእስያ አገር ናሽናል እንደሆነ መጣ። በኋላ ፓናሶኒክ ዓለምን ስላዳረሰ ስሙ ብቻውን ምስክር አይሆንም። የ1960ዎቹና የ70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዕቃ ከሆነ ግን ጥሩ ፍንጭ ነው።

ፍንጭ የምለው የመጣበትን መንገድ ስለሚጠቁም ነው። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖቹ ቃኘው ጣቢያ እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ቆይቷል። የሰላም ጓድ መምህራን ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ አስተምረዋል። ውጭ ተምሮ የተመለሰውም ባዶ እጁን አልመጣም።

ታዲያ ስሙን ትታችሁ ጀርባውን አዙሩት። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ብቻ ካለ ለአሜሪካ የተሠራ ነው። የእኛ ሶኬት 220 ነው፤ ቀጥታ ከሰካችሁት ፊውዙ ካላዳነው ትራንስፎርመሩ ይጨሳል። ለብዙ አገር የተሠራው 110፣ 220፣ 240 የሚል መምረጫ ከጀርባው አለው። ያው አንድ ሞዴል፣ ያው ፊት፣ ጀርባው ብቻ የተለያየ!

የሸክላ ማጫወቻ ያለው ከሆነ ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው። ቮልቱን በትራንስፎርመር ብታወርዱትም ኸርዙ አይቀየርም። ብዙዎቹ የድሮ ሞተሮች የሚሽከረከሩት በኸርዙ ልክ ስለሆነ፣ በደቂቃ 33 ጊዜ መዞር ያለበት ሸክላ እዚህ ወደ 28 ገደማ ይወርዳል። ጥላሁንን እንደ ታመመ ሰው ያጎትተዋል። ማጫወቻው ተበላሸ ተብሎ የተጣለው ስንቱ ይሆን? መድኃኒቱ በሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር መለወጥ ነበር።

አሁን ወደ ፊቱ እንምጣ። ለአሜሪካ ሳሎን የተሠራው ትልቁ ስቴሪዮ በአብዛኛው ያለው መካከለኛ ሞገድና ኤፍኤም ብቻ ነው። ለአውሮፓ የተሠራው ረጅም ሞገድ ይጨምራል፤ እሱ ደግሞ ለእኛ ምንም አይሰማበትም። በእኛ አካባቢ የተከበረው ድንጋይ የሚበላው፣ አጭር ሞገድ ያለው ትንሹ ራዲዮ ነው። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዶቼ ቬለ አማርኛ፣ በኋላም የአሜሪካ ድምፅ የሚገቡት በእሱ ነበር። በደርግ ጊዜ ድምፁን ቀንሶ፣ ጆሮን ለጥፎ የሚሰማው ማለት ነው። ያ ሁሉ ውድ ስቴሪዮ ለዚህ ጉዳይ ዋጋ አልነበረውም።

የጃፓን የአገር ውስጡን ደግሞ ቪትዝ ያላችሁ ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። ኤፍኤሙ ከ76 ተነስቶ 90 ላይ ያበቃል። ሸገር 102.1፣ ባሕር ዳር 96.9 ወዴት ይግቡ! ከመኪናው በፊት የቤት ራዲዮውም እንዲሁ ነበር። ሬዲዮናችሁ 90 ላይ ካለቀ፣ አልተበላሸም፣ ለቶኪዮ ሰው ነው የተሠራው።

እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው፦ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ መውረዳቸው በራዲዮ እንደተነገረ ሁላችንም እናስተምራለን። ሰው ያንን የሰማበት ዕቃ ምን ዓይነት እንደነበረ፣ በማን እጅና ከየት መጥቶ ደራና ፎገራ እንደደረሰ ግን የሚጠይቅ የለም። መልሱ ከጀርባው የተለጠፈችው ወረቀት ላይ ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ ቤታችሁ ያለውን ከመሸጣችሁ በፊት የጀርባውን ፎቶ አንሱና ላኩልኝ። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት፤ በላርጎ የታጠበ ጽሑፍ አይነበብም። የማን እንደነበረና ማን እንዳመጣውም እናቶቻችሁን ጠይቃችሁ አብራችሁ ጻፉልኝ።