ድሬ ሼህ ሁሴን፦ ስም የተዋዋሱ አገርና ሰው

ባሌ ውስጥ፣ ከገሰራ ደጋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲያዘቀዝቁ የስንዴው ማሳ እያለቀ ቁጥቋጦው ይጀምራል፤ ብርዱ ይቀርና ጋቢው ይታጠፋል። ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ለዚያራ የሚወርድበት ድሬ ሼህ ሁሴን በዚያ በኩል ነው።

የቦታው ሌላ ስም አናጂና ነው። «ድሬ» በኦሮምኛ ሜዳ፣ ገላጣ ሥፍራ ማለት ነው፤ ድሬዳዋም በዚሁ ቃል ትጀምራለች ይባላል። አናጂናን ከተጓዡ አፍ ያራቀው እዚያ የተቀበሩት ወሊይ፣ የሼህ ሁሴን ስም ነው።

ሼሁ ራሳቸው ግን የሚጠሩት በአገሩ ነው። በትውፊት ቤተሰባቸው ከሶማሊያ ጠረፍ፣ ከመርካ የመጣ ነው ይባላል፤ ሶማሌዎች ደግሞ «ሼህ ሁሴን ባልያሌ» ይሏቸዋል። ባሌ ያለችው እዚያ ስም ውስጥ ነው። ሰውና መሬት እንዲህ ስም ሲዋዋሱ ብዙ ቦታ አላየሁም።

ባሌ የቆየ ስም ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን ዐረቡ ጸሐፊ አል ዑመሪ የቀጣናውን ሰባት የሙስሊም ግዛቶች ሲዘረዝር ከኢፋት፣ ከደዋሮና ከሀዲያ ጋር ባሌንም ቆጥሯል። አባ ባሕርይም በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በጻፉት ድርሳን፣ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የተጀመረውን የኦሮሞ እንቅስቃሴ የሚያስነሡት ከባሌ ወሰን፣ ከገላና ወንዝ ነው። ሱልጣኔቱ ጠፍቶ ስሙ ቀረ።

ግቢው በአጥር የተከበበ ነው፤ በውስጡ በኖራ የነጡ ጉልላት ያላቸው መቃብሮች ቆመዋል። የሼሁን መቃብር ያሠሩት በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የነበሩት የሐረር አሚር አብዱሸኩር ናቸው ይባላል። በዓረፋ ሰሞን ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከሶማሌ ምድር የሚመጣው ሕዝብ ጫፉ መንታ የሆነ በትር ይዞ፣ ባህሮ የሚባለውን ውዳሴ እያዜመ ይገባል። ክርስቲያንም አይጠፋበትም። የዓረፋ ቀን በፀሐይ አቆጣጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ስለሚቀድም፣ አንድ ዓመት በበጋ የሄደ ቤተሰብ ከዓመታት በኋላ ክረምት ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ መንገዱን አስቀድሞ መጠየቅ ደግ ነው። ልጆቹን የሚይዛቸው ግን ከመቃብሩ ይልቅ ሀሮው፣ ኩሬው ነው።

የባሌ ሰው ይህን አሰያየም ሌላም ቦታ ተጠቅሞበታል። ሆልቃ ዋሻ ማለት ነው፤ ሆልቃ ሶፍ ዑመር ደግሞ የወይብ ወንዝ ሰርስሮ የሚያልፍበት፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የሶፍ ዑመር ዋሻ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ መግቢያው ነው፦ አዮ ማኮ ይባላል፣ ዋሻው በስማቸው በሚጠራው በሼህ ሶፍ ዑመር ሴት ልጅ ስም። በአገራችን ለነገሥታት ሴቶች ልጆች እንኳ እንዲህ ያለ በር የደረሳቸው ጥቂቶች ይመስሉኛል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለቱም ቦታዎች በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ሲሰፍሩ «ድሬ» እና «ሆልቃ» ከነስማቸው ገብተዋል። አናጂና በርእሱ ላይ የለም።