ያንተ ሰው ነው ያገባው!

ቀበና ስናድግ ከስድብ ሁሉ የምትከፋው ይቺ ነበረች። ቅርጫት ኳስ ስንጫወት አንድ አንድ ሰው ተካፍለን እንይዛለን፤ ሲገባብን ታዲያ አራታችን ተባብረን አምስተኛው ላይ ጣት እንቀስራለን።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ከእንጦጦ የወረደው ጎርፍ የቀበናን ወንዝ ሲያስጮኸው የኛም ሜዳ ሳሙና ይሆናል። ሰውየውን ተከትሎ የሮጠ ሁሉ በጀርባው ይዘረራል። እናላችሁ፣ ሩጫውን ትተን ሁለታችን ከፊት፣ ሦስታችን ከቅርጫቱ ሥር ቆመን መጠበቅ ጀመርን። አሰልጣኛችን «ስንፍና ነው!» ብለው አስቆሙን።

ስንፍናው ለካ ታሪክ አለው። ጄምስ ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1891 ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የወወክማ ማሠልጠኛ (አዎ፣ አዲስ አበባም የሚያውቀው ወወክማ) ጨዋታውን ሲፈጥር 13 ሕጎች ጻፈ። መግፋትና መጎተት ተከለከለ፤ እንዴት ተሰልፎ መከላከል እንደሚቻል ግን አንድም ቃል የለም። በ1914 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ካም ሄንደርሰን የሚባል አሰልጣኝ ጣሪያው በሚያፈስ አዳራሽ ልጆቹ ሲንሸራተቱበት ሁለት ከፊት ሦስት ከኋላ አቆማቸው ይባላል። ዞን የምንለው መከላከል አንዱ መነሻ ይኸው ነው። ዝናብ እኮ በዚህ ጨዋታ ታሪክ ብዙ ሠርቷል፤ የ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ ፍጻሜ በጭቃ ሜዳ ተካሂዶ ኳሷ አልነጥር ብላ አሜሪካ ካናዳን ያሸነፈችው 19 ለ 8 ነበር።

የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ ግን በ1947 ዞንን ከለከለ። ተመልካች የሚከፍለው ሲገባ ለማየት ነዋ! እገዳው የተነሣው በ2001 ነው።

የሚገርመን በእገዳው ዘመን የሆነው ነው። ሕጉ ሁሉም የየራሱን ሰው ይያዝ እያለ፣ የቦስተኑ ቢል ራስል የራሱን ሰው ጥሎ ጓደኛው ያመለጠውን ይቀበል ነበር። የፊት ተከላካዮቹ ተጠግተው ለመንጠቅ የሚደፍሩት ከኋላቸው እሱ እንዳለ ስለሚያውቁ ነው። ሲመታት እንኳ ኳሷን ወደ ተመልካች አይልካትም፤ ወደ ጓደኞቹ ያወርዳታል እንጂ። ከ1957 እስከ 1969 በ13 የውድድር ዘመን 11 ዋንጫ ወሰዱ።

እኛ ሰፈር ጣት የበዛበት ልጅ ከሁላችንም ቀድሞ ኳስ አቆመ። ሰውየው ሲያመልጠው ከኋላው ማን ቆሞ ነበር ብሎ የጠየቀ ግን ከመሃላችን አልነበረም።