ሴባስቶፖል፣ አይሱዙ፣ ባትሪ፦ የጨጨሆ ዳገት ምን ይለናል?

አዲስ አበባ ላይ ሁለት ወጣት ከተገናኘ ወሬው ወይ ኳስ ነው ወይ «ኤሌክትሪክ ይሻላል ቤንዚን?» ነው። እኛም የዚሁ ወሬ ሱሰኞች ነን። ዛሬ ግን ጥያቄውን ከቦሌ አንሥተን ነፋስ መውጫ እንውሰደው። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ስለ ተሽከርካሪ የሚነግሩን የቆየ ታሪክ አላቸውና።

በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ጨጨሆን አልፈው፣ የጅዳን ገደል ወርደውና ወጥተው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ግማሽ ዓመት! ጋሪውን የጎተተው ሰው ነው፤ መንገዱን የጠረገውም ሰው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ከዚያ ጉዞ የምንማረው አንድ ነገር ነው፦ ተሽከርካሪው ከመንገዱ ቀድሞ ከመጣ ዕዳው ባላገሩ ጫንቃ ላይ ያርፋል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ባመጣላቸው መኪና ሲሳፈሩ የቤንዚንና የኤሌክትሪክ ፉክክር ገና አልለየለትም ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ ከነበሩት መኪኖች ሲሶው ያህል በባትሪ የሚሄዱ ነበሩ። ኋላ ቤንዚን አሸነፈ፤ እኛም የተሰጠንን ተቀበልን። ትሬንታ ኳትሮ ከጣሊያን ወረራ ጋር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1970 አምቼ ተቋቁሞ የፊያት የጭነት መኪና እዚሁ ይገጣጠም ጀመር። ቻይናዎች የወረታ ወልድያን መንገድ በጋይንት በኩል ሲያወጡ ደግሞ ዳገቱ ለሞተር ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የአገሬው ድንችና ገብስ፣ በክፉ ቀንም የእርዳታው ስንዴ፣ የአይሱዙ ጭነት ሆነ።

አሁን ደግሞ ወደ አዋጁ እንምጣ። በ2012 ዓ.ም. መንግሥት ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ኤክሳይስ ጣለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን ሞተርስ የሃዩንዳይ ኤሌክትሪክ መኪና ገጣጥሞ አሳየ። በ2014 ማብቂያ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ከቫትና ከኤክሳይስ ነጻ ሆነ፤ ቀረጡም ተገጣጥሞ ያለቀለት 15 በመቶ፣ በከፊል የተበተነ 5፣ ሙሉ በሙሉ የተበተነ ዜሮ ተባለ። ጥር 2016 ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ታገደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ነዳጁ የሚገዛው በዶላር ነው፣ መብራቱ ግን ከራሳችን ወንዝ ነው።

መኪና ሠሪውስ? «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገራችን ሰው። የዓለም ኩባንያዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አሜሪካ ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ትሰጥ የነበረውን የ7,500 ዶላር የግብር ቅናሽ መስከረም 2018 ላይ አቆመች። ፎርድ ከሦስት ወር በኋላ የ19.5 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ መዝግቦ ወደ ሃይብሪድና ወደ ነዳጅ ፊቱን መለሰ። የእኛ አገር ገጣጣሚ ግን አንዱን ባላ አዋጁ ነቀለበት፤ ያለው ምርጫ የቻይናን ክፍሎች አምጥቶ መግጠም ነው።

እዚህ ላይ ጨጨሆ ያስቀናል። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ተርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር በየ1 ሺህ ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበቱን በአየር መሳሳት ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም፤ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑ ባትሪውን ይሞላል። ከቦሌ ይልቅ ለዚህ ዳገት የተፈጠረ ማሽን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም!

ግን የገባው በአብዛኛው የከተማ አውቶሞቢል ነው። የጋይንት ገበሬ አውቶሞቢል አልጠየቀም፤ ድንቹን ሳይበሰብስ ደብረ ታቦር የሚያደርስለት የጭነት መኪና ነው የሚፈልገው። ቻርጅ ማድረጊያው አዲስ አበባ ተከማችቶ ስማዳና እስቴ ተራ እስኪደርሳቸው ይጠብቁ ከተባለ፣ የነዳጁ መኪናና መለዋወጫው በተወደደ ቁጥር የጭነቱን ዋጋ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። አዋጁን አንቃወምም። የምንለው ከአውቶሞቢሉ ጎን ለጎን የጭነት መኪናውም ይታሰብ፣ ቻርጅ ማድረጊያውም ዳገቱን ይውጣ ነው። አለበለዚያ ሴባስቶፖልን ዳግመኛ በጫንቃቸው ማስጎተት ይሆንብናል።