ኩዊር ኮዲንግ፦ ውስጠ ወይራ አሳሳል

ኩዊር ኮዲንግ አንድን ገጸ ባሕርይ ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅር መሆኑን በግልጽ ሳይናገሩ፣ በአለባበሱ፣ በድምፁ ቃና ወይም ዓይኑ በሚያርፍበት ሰው በኩል ለሚያስተውል ተመልካች ብቻ እንዲታወቅ አድርጎ መሳል ነው። ኩዊር በእንግሊዝኛ ድሮ ስድብ ነበር፤ ኋላ ግን የተሰደቡበት ሰዎች ራሳቸው አንሥተው መጠሪያቸው አደረጉት፤ ዛሬ ጌይ፣ ሌዝቢያንና ሌሎችንም በአንድነት ያቅፋል። ለአማርኛው «ውስጠ ወይራ አሳሳል» ይስማማል። ውስጠ ወይራ ከቅኔ ስልቶች አንዱ ሲሆን በዕለት ንግግርም ላዩን ሌላ የሚመስል፣ ውስጡን ግን ጠንካራ መልእክት ያዘለ ነገር ይባልበታል። «ስውር ምልክት» ማለትም ይቻላል፤ ሆኖም ነገሩ ምልክት ማስቀመጥ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ሰው መሳል መሆኑን አያሳይም።

በሆሊዉድ ስልቱን ያጠነከረው ክልከላ ነው። የአሜሪካ የፊልም ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1930 የተቀበሉትና ከ1934 ጀምሮ በሳንሱር ኃላፊው በጆሴፍ ብሪን ጽሕፈት ቤት በጥብቅ ሲፈጸም የቆየው የምርት ደንብ፣ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ማሳየት ቀርቶ መጠቆምንም ይከለክል ነበር። ደራሲዎችና ዳይሬክተሮች ታዲያ ሳንሱሩ የማይዘው መንገድ ፈለጉ። ዳሺል ሃሜት በልብ ወለዱ በግልጽ ያስተዋወቀው ጆል ካይሮ፣ በ1941 በተሠራው «ዘ ማልቲዝ ፋልኮን» ፊልም ላይ ሲመጣ ስለ ማንነቱ አንድም ቃል አይወጣም። ስሙ የተጻፈበት ካርድ ግን የጋርዲኒያ አበባ ሽቶ ይሸታል። የዘመኑ ተመልካች ከሽቶው ተረዳ።

ታዳጊን በዚህ መንገድ ከሳሉ ፊልሞች ሁሉ ጎልቶ የሚነሣው በ1955 የወጣው «ሬበል ዊዝአውት ኤ ኮዝ» ነው። ሳል ሚኒዮ የተጫወተው ፕላቶ በትምህርት ቤት ሎከሩ በር ላይ የተዋናዩን የአለን ላድን ፎቶ ለጥፏል። ተዋናይ ማድነቅና ፎቶውን መለጠፍ የማንኛውም ጎረምሳ ወግ ነው፤ ስለዚህም ሳንሱሩ ሊቃወመው የሚችለው ነገር አልነበረም። ለሚያውቅ ልጅ ግን ያ ፎቶ፣ ፕላቶ ጄምስ ዲን የተጫወተውን ጂምን ከሚያይበት አስተያየት ጋር ሲደመር፣ ብዙ ይናገራል። ፊልሙ አንድ እውነተኛ ነገር ይዟል፦ ጌይ የሆነ ታዳጊ ስሜቱን ለማንም ከመንገሩ በፊት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስቀምጠው በሚወደው ዘፋኝ፣ በሚሰበስበው ፎቶ፣ ደጋግሞ በሚያየው ፊልም ላይ ነው። ፕላቶ በመጨረሻ በፖሊስ ጥይት ይሞታል። ይህም አጋጣሚ ብቻ አይደለም፤ በደንቡ ዘመን እንዲህ የተሳሉ ገጸ ባሕርያት ብዙዎቹ ወይ ሟች ወይ ክፉ ሆነው ይጨርሱ ነበር። የፊልም ታሪክ ጸሐፊው ቪቶ ሩሶ በ1981 ባሳተመው «ዘ ሴሉሎይድ ክሎሴት» ይህን ልማድ ፊልም በፊልም እየተከተለ አሳይቷል።

ደንቡ በ1968 በዕድሜ ደረጃ ምደባ ቢተካም ልማዱ በተለይ በልጆች ፊልም ውስጥ ቀጠለ። በዲዝኒ «ዘ ሊትል መርሜይድ»፣ በ1989፣ የባሕር ጠንቋይዋ ኧርሱላ መልክ የተቀዳው ሴት መስሎ ይጫወት ከነበረው ከዲቫይን ነው። የፊልሙን ግጥሞች የጻፈው ሃዋርድ አሽማንም ጌይ ነበር። እዚህ ላይ ስልቱ ሁለት ፊት አለው። ኧርሱላ ደስ ትላለች፤ ሳሎን ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ የሚያይ ልጅ በእርሷ ድፍረት መደሰት ይችላል፣ ለምን እንደ ተደሰተ ማንም አይጠይቀውም። በሌላ በኩል ለስላሳ ድምፅ፣ የሚወዛወዝ እጅና የተኳለ ዓይን በተንኮለኛ ላይ ደጋግመው ሲታዩ ተመልካቹ ሁሉ ይማራቸዋል። ያኔ በፊልም ውስጥ ገጸ ባሕርይን ለመለየት የተሠራው መፍቻ በትምህርት ቤት ግቢ ሕያው ልጅን ለመለየትና ለማሸማቀቅ ይውላል። ከስልቱ ጉዳቶች ሁሉ ይህ የከፋ ነው፤ ምልክቱ የሚገኝበት ልጅ ጌይ ይሁን አይሁን እንኳ አይጠየቅም።

ግልጽ አሳሳል ቀስ ብሎ መጣ። በ1994 «ማይ ሶ ኮልድ ላይፍ» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ዊልሰን ክሩዝ ሪኪ የተባለ ጌይ ተማሪ ሆኖ ተጫወተ። በ2018 «ላቭ፣ ሳይመን» የጌይ ታዳጊን ፍቅር ዋና ታሪኩ አድርጎ በትልቅ ስቱዲዮ ተሠራ። እንግሊዛዊቷ አሊስ ኦስማን በ2016 በኢንተርኔት ማውጣት የጀመረችው «ሃርትስቶፐር» የተባለ የሥዕል ታሪክ ደግሞ በ2022 የኔትፍሊክስ ድራማ ሆነ። የዚህ ድራማ ጥንካሬ በተራ ነገሮች ላይ ነው፦ ከሚዋደዱት ሁለት ተማሪዎች ቻርሊ ከበሮ ይመታል፣ ኒክ ራግቢ ይጫወታል፣ በስልክ መልእክት ጽፈው ይሰርዛሉ። ኒክ «የካሪቢያን ወንበዴዎች»ን ሲያይ ልቡ ወደ ተዋናይቷ ኪራ ናይትሊም ወደ ተዋናዩ ኦርላንዶ ብሉምም እንደሚያዘነብል ያስተውላል። እዚህ ውስጠ ወይራ የለም፤ ፊልም አይቶ ራሱን ማወቁ ራሱ ታሪኩ ሆኗል።

ከዚህ ቃል ጋር የሚምታታ ሌላ አለ፤ ኩዊር ቤይቲንግ ይባላል፤ በአማርኛ «ማማለያ አሳሳል» ሊባል ይችላል። ውስጠ ወይራ በግልጽ መናገር በማይቻልበት ቦታ የሚደረግ ሲሆን፣ ማማለያ ግን መናገር እየተቻለ ተመልካች እንዳይሸሽ ፍንጭ ብቻ እየወረወሩ ፍቅሩን ፈጽሞ አለማምጣት ነው። ማማለያ የሚለው ነቀፋ ለድርሰትና ለደራሲ የተበጀ ነው። በ2022 ግን የኒክን ገጸ ባሕርይ በሚጫወተው በኪት ኮነር ላይ፣ በራሱ ሕይወት፣ ተሰነዘረ። ነቀፋው ሲበዛበት ገና በ18 ዓመቱ ባይሴክሹዋል (ወንድንም ሴትንም የሚያፈቅር) መሆኑን ለመናገር እንደ ተገደደ ገለጸ። ስለዚህ ሁለቱም ስሞች የሚነገሩት ስለ ተደረሰ ገጸ ባሕርይ ነው፤ «ፕላቶ በውስጠ ወይራ የተሳለ ነው» ይባላል፤ ስለ ተዋናዩ ወይም ስለ ክፍል ጓደኛ ግን አይባልም።