«መካን» የተባለችው ሴትና የሁለት አገር መድኃኒት

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም በሚዘረጋው የምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢ ሁሉ ያወቃትን ማንኩሳን ጨምሮ፣ ልጅ ያልወለደች ሴት «መካን» ትባል ነበር። ስሙ የሚወድቀው በእርሷ ላይ እንጂ በባሏ ላይ አልነበረም። በስሙም ምክንያት ትዳሯን ያጣች ብዙ ናት። ከዚህ ስም በስተጀርባ ግን የሕክምና ባለሙያዎች ዛሬ የማኅፀንና የቱቦ ብግነት የሚሉት ሕመም ብዙ ጊዜ ተሸሽጎ ኖሯል።

የሕመሙ አካሄድ ለሙያ ባልደረቦች እንግዳ አይደለም። የጨብጥ ወይም የክላሚዲያ ተውሳክ ከማኅፀን አንገት ወደ ላይ ይወጣል፣ ቱቦዎቹን ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲሽር ጠባሳው መንገዱን ይዘጋል። ክላሚዲያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለ ምልክት ስለሚሠራ፣ ሴቲቱ መታመሟን ሳታውቅ ቱቦዋ ሊዘጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 «ላንሴት» በተባለው መጽሔት የወጣ፣ በዓለም ጤና ድርጅት ምርመራ ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ እንዳመለከተው፣ ከተመረመሩት የአፍሪካ መካን ሴቶች ከ85 በመቶ በላይ የሚሆኑት ችግራቸው ከእንዲህ ያለ ተውሳክ ጋር የተያያዘ ነበር። በዓለም ደረጃ ግን ቁጥሩ 33 በመቶ ነበር።

ታዲያ የአገሩ ባለ መድኃኒት ይህን ሕመም እንዴት ያየው ነበር? ጎጃም የደብተሮች አገር ናት፤ የመድኃኒት መጽሐፍም በእጅ እየተገለበጠ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ ኖሯል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1929 በጎጃም ተጉዞ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1930 የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ ፓሪስ ላይ አሳትሟል። ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲንም በ1968 የመጀመሪያውን ቅጽ ዋርሶ ላይ በማሳተም ይህን የጽሑፍ ሀብት በስፋት ለዓለም አስተዋውቋል። በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሕመሙ የሚገኘው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አይደለም። ለጨብጥ የሚሆነው ሥር በአንድ ርእስ፣ ደም ለሚፈሳት ሴት የሚሆነው በሌላ፣ ለመካን የሚሆነው ደግሞ በሦስተኛው ይጻፋል። ልጅ እየሞተባት ለምትቸገረው እናት መፍትሔው ከዕፅ ይልቅ ክታብ ነው፤ በጸሎተ ሱስንዮስ ውርዝልያ ትገሠጻለች፣ ሾተላይም ይባረራል። ጨብጥ ይዞት ወደ ደብተራው የሄደው ባልና መካን ተብላ ጠበል የወረደችው ሚስት የአንድ ሕመም ሁለት ፊት መሆናቸውን የሚያገናኝ ገጽ አልነበረም።

ይህን ጉድለት በደብተራው ላይ ብቻ መጫን ግን ፍትሕ አይሆንም። በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው ኤሚል ኖገራት እ.ኤ.አ. በ1872 «የዳነ የመሰለው ባል ጨብጡን ለሚስቱ ያስተላልፋል፣ መካንም ያደርጋታል» የሚል ሐሳብ ቢያቀርብ፣ ከሙያ ጓደኞቹ ያገኘው መሳለቂያ ነበር። ተውሳኩን አልበርት ናይሰር ያገኘው ከዚያ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1879 ነው።

ከደብተራው መጽሐፍ ይልቅ የጠፋው የሚበዛው ሴቶች ራሳቸው የያዙት ዕውቀት ነው። የልምድ አዋላጇ አልጻፈችም፤ የምታውቀውንም በጆሮ ትነግራለች እንጂ በብራና አታሰፍርም። እንዶድን እንመልከት። ሴቶች ልብስ ያጥቡበታል፤ ሥሩ ለጨብጥ ይሰጣል፤ ያልተፈለገ ፅንስ ለማስወረድም ውሏል። በዚህ የመጨረሻው አገልግሎት የሚያስከትለው አደጋ ከባድ ነው፤ በማኅፀን የሚገባ ሥር ወይም ቅጠል ራሱ ተውሳክ ይዞ ስለሚገባ፣ ፈውስ የተባለው ነገር የሕመሙ መነሻ ይሆናል።

በቻይና የሆነው ከዚህ ይለያል። ስማ ቺየን የተባለው የታሪክ ጸሐፊ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት እንደ ጻፈው፣ ብየን ቸዌ የተባለው ሐኪም በሃንዳን ከተማ የሴቶች ሐኪም ሆኖ ሠርቷል። ይህም ሙያ የሚጠራው «ዳይ ሺያ» በተሰኘ ቃል ነበር፤ ትርጉሙ ከወገብ በታች ያለ ሕመም ማለት ሲሆን፣ በኋላ ለፈሳሽ መብዛት ስም ሆኗል። በሰባተኛው መቶ ዓመት ሱን ስምያው መድኃኒቶቹን ሲያሰባስብ የሴቶችን ክፍል አስቀደመ። ከዚያ በፊት ዣንግ ጆንግጂንግ ያዘጋጀው፣ ከቀረፋ ዘመድ ቅርንጫፍ፣ ከኮክ ፍሬ አስኳልና ከሌሎች ሦስት ዕፆች የሚቀመመው ክኒን እስከ ዛሬ ይሰጣል። በቻይና ሐኪሞች አስተሳሰብ ሕመሙ «ሙቀትና እርጥበት ወደ ታች ወርዶ ደም ሲረጋ» የሚመጣ ነው። የተውሳክ ዕውቀት እነርሱም አልነበራቸውም። መጽሐፉ ግን ታትሞ በአደባባይ ስለ ዋለ፣ አንዱ ሐኪም የሌላውን ቃል መተቸት ቻለ፤ የጎጃሙ መድኃኒት በምስጢር ስለ ተያዘ ይህን ዕድል አላገኘም። ዛሬ በቻይና ሆስፒታሎች ድንገተኛውን ብግነት በፀረ ተውሳክ መድኃኒት ያክማሉ፣ ለሚቆየው ሥቃይ ዕፅና መርፌ ይጨምራሉ። ማስረጃው ግን ገና ጠንካራ አይደለም።

ሁለቱ አገሮች የተገናኙት ዘግይተው ነው። ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1970 ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው የቻይና የሐኪሞች ቡድን ከሄናን ጠቅላይ ግዛት በ1974 መጣ። ከአልማ አታው የ1978 ጉባኤ በኋላም በ1979 በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የባህል መድኃኒት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ቻይናውያን ካመጡት መርፌ ይልቅ ሊወረስ የሚገባው የፈተና ልማዳቸው ነበር። አገሪቱ ለዚህ የራሷ ምሳሌ አላት፤ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ እንዶድን በቤተ ሙከራ መረመረ፤ በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ተሸለመበት። ያ ምርመራ የቢልሃርዝያ ተሸካሚውን ቀንድ አውጣ እንጂ የሴቶችን ሕመም የሚመለከት አልነበረም።

ዛሬ ብግነቱ የሚታከመው ሴፍትሪያክሶን፣ ዶክሲሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል በአንድነት በመስጠት ነው። ከመድኃኒቱም ጋር ባልየው ይጠራል። እርሱ ካልታከመ ሚስቱ ከዳነች በኋላ እንደገና ትያዛለች፤ በደብተራውም ሆነ በቻይናው አሮጌ መጽሐፍ ያልተጻፈው መመሪያ ይህ ነው።